ስድስት ቮልት

ዶሎሬስ ከተማ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ዳር፣
በሰው ሱቅ ባትሪ ስሸጥ፣ ለደመወዝ ሳድር፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ሲያቃስት ሰማሁ፤
ዶን ኤላዲዮ ነው፤ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁ።
"ባለ ስድስት ቮልት ስጠኝ" አለ፣ ዳቦ እንደሚገዛ ሰው፤
ሳቄን ልውጠው ስል፣ እሱ ቀድሞ ሰማው።
"አባት፣ እዚህ ያለው በሙሉ ባለ ዐሥራ ሁለት ነው፤
ስድስቱን የሚሠራው ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው።"

አልተቆጣም።
ከደረት ኪሱ እጥፍጥፍ ወረቀት አወጣ፤
ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በእርሳስ፣ ጫፉ ወዝ የጠጣ።
"ፎርድ ናት፣ የሃያ ዘጠኝ፤ ሳጥኗ ከእግሬ ሥር ነው፤
ከዚህ ልክ ካለፈ ወለሉ ይነሣል፤ እግሬን የት ላድርገው?"

ልጁ ግራሲኤላ መክራው ነበር፦ "ወደ ዐሥራ ሁለት ለውጠው፤
አምፖሏን፣ ሽቦዋን፣ ጡሩምባዋንም፤ ይለቅህ ጣጣው።"
"በዐሥራ ሁለት ይጮኻል ጡሩምባው፤ በስድስት ግን ያስላል፤
ኒድያ ከቤት የምትወጣው ሳሉን ስትሰማ ነበር" ይላል።

እሑድ በአውቶቡስ ሞንቴቪዴዮ፣ አራት ሰዓት መንገድ፤
ገበያው ከጎዳና ጎዳና እንደ ጎርፍ ሲወርድ።
ሽንኩርት ከመዝገበ ቃላት ጎን፣ በር የሌለው የቁልፍ ክምር፣
የማናውቃቸው ሰዎች ሠርግ፣ ፎቶው በኪሎ ሲቸረቸር።
ከአንዱ ምንጣፍ ላይ ቀፎ አገኘን፣ ሬንጁ የተሰነጠቀ፤
ሻጩ "ሙሉ ነው" ብሎ ማለ። ሽማግሌው ወዘወዘው፤ ተንቦጨቀ።
የዝናብ ውሃ ነበር፤ ከውሃው በላይ አንድ ቀንድ አውጣ።
"ተከራይ አለው" አለና መለሰው፤ ከሕዝቡ መሐል ወጣ።

ስንመለስ፣ ካርዶና አካባቢ፣ አውቶቡሱ ለሽንት ቆመ።
መሽቷል። ከአጥሩ ዘንድ ቲክ፣ ቲክ የሚል ድምፅ ተደጋገመ፤
ላም እንዳታልፍ የሚቆነጥር የኤሌክትሪክ ሽቦ፣
ከግርጌው የቆርቆሮ ሳጥን፣ ጆንያ ደርቦ።
ዶን ኤላዲዮ ተንበረከከ። ጆንያውን ገለጠው።
ሦስት ክዳን።
ሦስት ክፍል።
ስድስት ቮልት።

"ምን ልትሰርቁ ነው?" አለች ብላንካ ኤቸቤሪ፣ የእጅ ባትሪዋን ዐይናችን ላይ ተክላ፤
እሱ ኮፍያውን አወለቀ፣ ወረቀቱን አነበበላት፣ ሰማችው ዝም ብላ።
የስፌት ሜትሯን አመጣች። ቁመቱ በአንድ ጣት አለፈ።
"ጣት ለመጋዝ ምኗ ነው?" አለ፤ ጤዛውን ከክዳኑ ገፈፈ።
እኔ ማልሁላት፦ ነገ አዲስ ማሽን ከነባትሪው ይደርስሻል።
"ላሞቹ ሽቦውን ከነኩት ቆይተዋል" አለች፤ "ልማድ ይጠብቃቸዋል።"
ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል።

እስከ ዶሎሬስ ጭኑ ላይ አቅፎት ተጓዘ፤ አሲዱ ሱሪውን በላው።

በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ፣ እንደ ለመድሁት ኔጌቲቩን
ከሻንሲው ላስር ስል፣ ያዘኝ ክንዴን።
"የለም ልጄ፤ በዚች መኪና ፖዘቲቩ ነው ወደ መሬት የሚሄደው።
ያኔ ደጉን ጫፍ ነበር ለመሬት የሚሰጡት።"
ሌላ አላለም። እኔም ኒድያ መቼ እንደሞተች አልጠየቅሁት።

አንዴ ቃተተች። ሁለተኛ። በሦስተኛው ያዛት ሳቅ፤
መብራቷ ሻይ መሰለ፣ ቢጫ፣ ከግድግዳው የማይርቅ።
ጡሩምባውን ተጫነ። ሳለች።
ከቤት ማንም አልወጣም።
ቆይቶ ግራሲኤላ፣ ቴርሞሷን በብብቷ፣ ማቴዋን በእጇ ይዛ፣
ደጃፉ ላይ ቆመች፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ፈዝዛ።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ስልክ፦ ሦስት ላሞች አኩሪ አተር ውስጥ፣ አንዷ አስፋልት ላይ ተኝታ።
"ልማድ የሚጠብቀው አንድ ሌሊት ነው" አለች ብላንካ፤ "ማሽኔን አምጣ፣ ወይ ላሞቼን አንተ ጠብቅልኝ ማታ።"

በፎርዷ ሄድን። በሰዓት አርባ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ እየቀደመን፣
አዲሱ ማሽን ጭኔ ላይ፣ አሮጌው ባትሪ ከእግሩ ሥር፣
መጋዝ ቢነካውም፣ ወለሉ አሁንም ትንሽ ከፍ ብሎ።